ለይሄነው የሚያዝ አልጋ

መምህር ሽባባው ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሯል። ቀይ ባሕርን ዓይኑን ጨፍኖ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይስለው ነበር። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ግን ካርታውን ማየት አልቻለም። ክፍል ሲገባ ጠቅልሎ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ይወትፈዋል። ተማሪ ለምን ብሎ ከጠየቀው ይቆጣል። መቆጣት ድሮም ይችልበታል፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይ እሱ እጁን ሲያወጣ ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሚስቱ ስሜነሽ ክንዱን ይዛ እንጅባራ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለ ፎቅ ላይ አወጣችው። መርከብ ሊያስይዙ ነው። ታች ባጃጅ ይጮኻል፤ ፈረሰኞች ከገበያ ይመለሳሉ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እነሱ ግን የመርከብ ክፍል ሊመርጡ ደረጃ ይወጣሉ።

ነገሩ የዮርዳኖስ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ናት፤ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ስትሠራ ዓመታት አለፏት። ለገና ቤተሰቡን ሁሉ አንድ ላይ ላግኝ ብላ ከዱባይ ተነሥቶ ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ የሚመለስ የመርከብ ሽርሽር መርጣለች። እዚህ ያለውን ወረቀት እንግዳው ይጨርስልናል አለች። እንግዳው የጉዞ ወኪል ነው። የሽባባው ተማሪ ነበር፤ አሁንም መምህሩን ሲያይ ከወንበሩ ይነሣል።

«ስንት ሰው ነው የምይዘው?» አለ፣ ኮምፒውተሩን እየከፈተ።

«አምስት» አለች ስሜነሽ። «እኔ፣ እሱ፣ ዮርዳኖስ፣ ይሄነው፣ ትዕግስት።»

ሽባባው ግድግዳው ሥር ወዳለው ባዶ ወንበር ዞር ብሎ አየ። ልጁ መጥቷል። እንደ ሁልጊዜው አይናገርም። ከእጅጌው ውሃ ይንጠባጠባል።

ይሄነው የሚመጣው ቤተሰቡ ሲቆጠር ነው። መንገድ ላይ ተከትሎት አያውቅም፤ በሕልሙም አይመጣም። ለዓመት በዓል ዶሮ ሲወጣና እናቱ «ይቺ የይሄነው» ብላ ፈረሰኛውን ስታስቀር ግን በሩ አጠገብ ይቆማል። ከሽባባው በቀር የሚያየው የለም። ሽባባው ደግሞ በመንፈስ የሚያምን ሰው አልነበረም፤ በጠንቋይና በደብተራ ሲሳለቅ ያረጀ ሰው ነው።

ይሄነው ለእናቱ መተከል ወርቅ ልቆፍር ነው ብሎ ነበር የወጣው። ለአባቱ እውነቱን ነገረው፤ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ በእግር ሳዑዲ። ሽባባው ጮኸ፣ ተሳደበ፣ ካርታ ዘርግቶ ተከራከረ። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ልጅ በካርታ አይረታም። ከፋሲካ በፊት፣ አብሮት የሄደው ጓደኛው መሳፍንት ደወለ። ጀልባው ከዳርቻው ሳይርቅ ተገልብጧል፤ ይሄነው አልወጣም፤ ሬሳውም አልተገኘም። ደላላው ደህና ነው። ደላላ ምን ሊሆን? እሱ ሰው ያሳፍራል እንጂ አይሳፈር።

ሽባባው መርዶውን ዋጠው። መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው። ዮርዳኖስ ባዕድ አገር ብቻዋን ናት፤ በስልክ ብትሰማው ማን ይይዛታል? ትዕግስት ፈተና አለባት። ስሜነሽ ለዮርዳኖስ መደበቅ አትችልም፤ ድምፅዋ ያሳብቅባታል። ስለዚህ ሁሉም አንድ ላይ የሚሰበሰቡበትን ቀን ሊጠብቅ ወሰነ። ቀኑ ተገኘ። የተገኘው ባሕር ላይ ነው።

«እንግዲህ ሕጉን ልንገራችሁ» አለ እንግዳው። «ትዕግስት አሥራ ሰባቷ ነው። ለብቻዋ ካቢን አይሰጧትም፤ አዋቂ አብሯት መመዝገብ አለበት። ዮርዳኖስና ይሄነው ግን ለመርከቡ ልጆች አይደሉም። እንደ ሙሉ ሰው ነው የሚያዝላቸው።»

«ለእኔማ ልጆቼ ናቸው» አለች ስሜነሽ።

«ለመርከቡ አይደሉም፣ እማማ።»

«ልጅ አሥራ ስምንት ሲሞላው ከአባቱ ይነጠላል ያለው የትኛው ካፒቴን ነው?» አለ ሽባባው።

እንግዳው ሳቀ። የድሮ መምህሩ ቁጣ ናፍቆት ነበር። «የሚሻለው ሁለት እህትማማቾች አንድ ክፍል፣ እናንተ አንድ ክፍል። ይሄነው ብቻውን ከሆነ የሁለት ሰው ያስከፍሉታል። አራት አልጋ ያለው ካቢንም አለ፤ ሦስቱን ልጆች አንድ ላይ እናድርጋቸው?»

«ይሄነውን ከሴቶቹ ጋር?» ስሜነሽ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። «ኧረ በማርያም! የካልሲውን ሽታ አታውቀውም። መርከቡን ያሰጥመዋል!»

ሽባባው ጉልበቱን ጨበጠ። ወንበሩ ላይ ያለው ልጅ እግሩን እያየ ነው። እግሩ ባዶ ነው።

«እሱን አትያዘው» አለ ሽባባው።

«ምነው?»

«ላይመጣ ይችላል። ወርቅ ቁፋሮ ላይ ላለ ሰው ቀን አይቆረጥለትም።»

«ለገና መቅረት? የእኔ ልጅ?» ስሜነሽ ከቦርሳዋ የይሄነውን ፓስፖርት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ዮርዳኖስ ድሮ ልውሰደው ባለች ጊዜ የወጣ ነው፤ ልጁ ሲሄድ ጥሎት ሄደ። የሄደበት መንገድ ፓስፖርት አይጠይቅም። «አንተ ሰውየ፣ ይሄን ልጅ ምን አድርጎህ ነው? ስሙን ባነሣሁ ቁጥር ፊትህ ይጠቁራል። ተጣልታችሁ ነው የተለያያችሁ? ንገረኛ!»

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ ያዝለት፣ እንግዳው። መስኮት ያለው ይሁን። ሲዘጋበት ይታፈናል።»

እንግዳው ጻፈ። ኮምፒውተሩ ቆመ። ኔትወርክ ሄዷል። ሦስቱም ቀስ እያለ የሚዞረውን ክብ ተመለከቱ። ባልና ሚስት ተኮራርፈው ሲቀመጡ ዝም ማለት ለእንግዳው ነውር መሰለው። ባለጌ አይደለም፤ ያሳደጉት በወግ ነው። ሐዘን የደረሰበትን ሰው ሳያጽናኑ ስለ መርከብ ማውራትም ከገቡ ጀምሮ ሲከነክነው ቆይቷል።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ለቅሶ ሳልደርስዎት ቀረሁ። እግዜር ያጽናዎት።»

ሽባባው «ቁጭ በል» አለ። እንግዳው አልተቀመጠም።

«የምን ለቅሶ?» አለች ስሜነሽ።

«ግንቦት ላይ እናቴን ልጠይቅ አዘና ከተማ ሄጄ፣ ቤተ ክርስቲያን መምህርን አየኋቸው። ፍትሃት ያስፈታሉ። ብቻቸውን ነበሩ። ሰው የሌለው ዘመድ ሞቶባቸው ይሆናል ብዬ… ቀርቤ እንዳላነጋግራቸው ቄሶቹ መሐል ናቸው። ደግሞ ደንግጬ ነበር። ኃይለ ሚካኤል ብለው ሲጠሩ የእኔም የክርስትና ስም ስለሆነ የራሴን ፍትሃት የሰማሁ መሰለኝ።»

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ስሜነሽ እጇን ፓስፖርቱ ላይ አድርጋለች። የልጅን የክርስትና ስም ጎረቤት አያውቀውም፤ እናት ታውቀዋለች፣ ክርስትና አባት ያውቀዋል፣ ቄሱ ያውቀዋል።

«ስንተኛው ነበር?» አለች።

እንግዳው መምህሩን አየ፤ መምህሩ መሬት መሬት ያያል። «አርባው ሲሉ ነው የሰማሁ» አለ፤ ያደረገው ነገር ያን ጊዜ ገባው። ኮምፒውተሩን ትቶ ወደ በሩ ሄደና ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ።

ስሜነሽ አልጮኸችም። ሽባባው እንድትጮህ ጠበቀ። ብትጮህ፣ ደረቷን ብትመታ፣ የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ደረጃውን ወጥቶ ቢሞላ፣ እሱም እስከ ዛሬ የታገደውን እንባ ያወጣው ነበር።

«የት?» አለች።

«ባሕር ላይ።»

«መተከል ባሕር የለም።»

«መተከል አልሄደም፣ ስሜነሽ።»

ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ ነከሰችው። ቀና ስትል ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አርባውን አወጣህለት?»

«አወጣሁለት። ለነፍሱ ብዬ። ጸሎት ሳይደረግለት እንዳይቀር…»

«ድግሱንስ ማን በላው?»

«ቄሶቹ። የደጀ ሰላም ነዳያን።»

«አንተስ?»

«ቀመስሁ።»

«የልጄን ተዝካር ቀመስህ» አለች። ቀስ ብላ ነው የምትናገር፤ ሽባባው ይህን ድምፅ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ሰምቶት አያውቅም። «እኔ ያን ቀን ምን እያደረግሁ ነበር? ምናልባት ሠርግ ቤት ነበርሁ። ምናልባት እየዘፈንሁ ነበር። ብርድ ልብሱን አጥቤ አስጥቼለት ይሆናል። ተሸክሜ የወለድሁት ልጅ ሲፈታ አንተ ብቻህን ቆመህ ሰማህ። ብቻህን! ለእኔ አዝነህ ነው? አልሰማህም እንዴ ሲጠሩት? እናቱ የት አለች ብሎ የጠየቀህ ቄስ የለም?»

ጠይቀውት ነበር። ሞታለች ብሎ ነበር የመለሰ። ይህን አልነገራትም።

«ልጆቹ እንዲሰበሰቡ ብዬ ነው» አለ። «ዮርዳኖስ ብቻዋን ናት። በስልክ አይነገር። አንች ብታውቂ…»

ጠረጴዛው ላይ የስሜነሽ ስልክ ጮኸ። ዮርዳኖስ ናት፤ በቪዲዮ ነው የምትደውል፤ ፎቶዋ በስልኩ መስታወት ላይ መጣ፣ ከኋላዋ ፀሐይ ነው። ሽባባው እጁን ዘረጋ። ስሜነሽ ቀደመችው። ስልኩን ከማንሣቷ በፊት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ከንፈሯን አረጠበች።

«ወዬ፣ የኔ እናት!»

«እማ! አለቀ? እንግዳው ያዘላችሁ?»

«እየያዘልን ነው። የኮምፒውተሩ ኔትወርክ ሄዶ ነው።»

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ብርዱ ነዋ። እዚያ ፀሐይ ላይ ተቀምጠሽ አገርሽን ረሳሽው?»

ዮርዳኖስ ሳቀች። ሽባባው ሚስቱን አየ። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፤ የሚያሳብቅ ነገር የለበትም። ከፋሲካ ጀምሮ እሱ ሲለማመደው የከረመውን ውሸት እሷ በአንድ ትንፋሽ ቻለችው። ያን ጊዜ ከሁሉ የበለጠ ፈራ።

«ይሄነውስ አለ?» አለች ዮርዳኖስ። «ያ ዘጊ! ለመልእክቴ አይመልስም።»

«ወርቁን ሳይዝ አይደውልም። ታውቂው የለ፣ ኩራተኛ ነው።»

«ከማን ጋር እናስተኛው ታዲያ? ብቻውን ካደረግነው ውድ ነው፣ ከእኛ ጋር ከሆነ ትዕግስት ትጮሃለች።»

ስሜነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ነገሩ ከወጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የባሏን ፊት አየች።

«ከእኔ ጋር ይሁን» አለች። «ለአባትሽ ሌላ ክፍል ያዥለት። እሱ ብቻውን ለምዷል።»

«እናንተ ደግሞ! ተጣላችሁ?» አለች ዮርዳኖስ፣ እየሳቀች።

ስሜነሽም አብራት ሳቀች።