የዳገቴ ወንበር

«ይኼን ነገር ከሳሎን አውጡልኝ» አለ የሟቿ ታላቅ ወንድም በከዘራው እየጠቆመ። «ሰው ይመጣል። የሐዘን ቤት ነው ወይስ ጋራዥ?»

ልብስ ሰፊው ባሏ ከግድግዳው ሥር ከተቀመጠበት አልተነሣም። «አይወጣም፣ ጋሼ» ብቻ አለ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከአፉ የወጣ ትልቁ ቃል ይኸው ነበር።

ጋሼ በሰው ፊት መከራከር አይወድም፤ መሸነፍም አያውቅበትም። ነጭ አንሶላ አስመጣና ወንበሩን ከራስ ማስደገፊያው እስከ እግር ማሳረፊያው ሸፈነው። ሲሸፈን ይባስ ብሎ ሰው የተኛበት መሰለ። ለቀስተኞቹም የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ወንበሩ ከጭነት መኪና የተነቀለ የሾፌር ወንበር ነው። ሟቿ ዕድሜዋን ሙሉ ከባድ መኪና ስትነዳ ኖራለች። ባሏ ቤት ውስጥ ልብስ ይሰፋል፣ ልጆች ያበላል፤ እሷ ጭነቷን አድርሳ ትመለሳለች። ጎረቤቱ «ሚስት መሪ፣ ባል መርፌ» እያለ ሲቀልድባቸው ከሁሉም አብልጣ የምትስቀው እሷ ነበረች። ባሏም ቢሆን አፍሮ አያውቅም። እንዲያውም የመኪናዋን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ደጃፉ ላይ ይቆማል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይየኝ ብሎ። ያፈረው ጋሼ ነው። ትልቅ መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ነውና፣ ስለ እህቱ ሥራ ሲጠየቅ ወሬውን ወደ ሌላ ያዞረዋል።

የቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኳን ያነበበው እሱ ነው። «የተከበረች የቤት እመቤት ነበረች» አለ። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ያን ጊዜ ዝም ማለቱ አሁን የእግር እሳት ሆኖበታል። የቤት እመቤት መሆን ነውር ኖሮበት አይደለም፤ እሷ አልነበረችም እንጂ።

ወገቧ አላስቀምጥ አላስተኛ ባላት ጊዜ ሐኪሙ «ጀርባሽን ጋደም፣ ጉልበትሽን ከፍ አድርገሽ እረፊ» ብሏት ነበር። አልጋ ላይ ቀጥ ብላ ስትተኛ ይብስባታል። ባልና ሚስት ሱቅ ሄደው ወደ ኋላ የሚጋደም ወንበር ሞከሩ። ለስላሳ ነው፣ ሰው ይውጣል። «ይኼ ያስተኛል እንጂ አያሳርፍም» ብላ ብድግ አለች። «ወገቤ የሚያውቀው ወንበር አንድ ብቻ ነው።» የድሮ መኪናዋ ከሥራ ሲወጣ አሠሪዋን ለምና ወንበሩን አመጣችው። ብየዳ የሚሠራ ጎረቤታቸው ወደ ኋላ እንዲጋደም አደረገላት፣ የእግር ማሳረፊያም ቀጠለበት። የቀረው የባሏ ሥራ ነበር።

«ስንት ቀሚስ ለክቼልሻለሁ፤ ተቀምጠሽ ግን ለክቼሽ አላውቅም» አላት፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ።

«ለካ እንግዲህ። እንዳታጠብብኝ ብቻ!»

ከወገቧ ኋላ ያለውን ክፍተት በመዳፉ ፈልጎ እዚያው ላይ ጥጥ ሞላበት። በግራ በኩል፣ ፍሪሲዮን በምትረግጥበት ጎኗ፣ ትንሽ አበዛው። ተጋድማ ጉልበቷ ከፍ ሲል ዓይኗን ጨፈነችና ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «እፎይ! ወገቤን አገኘሁት» አለች። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ ስትገባ በቀጥታ ወደ ወንበሩ ነው። «ጋቢና ገብቻለሁ፤ ማንም እንዳይነካኝ» ትላለች። እሱም ማሽኑን ወደ እሷ አዙሮ እየሰፋ የመንገዷን ወሬ ይሰማል።

ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ወንዶች መጥተው ቆሙ። ሁሉም በመስኮት በኩል የሚውለው ግራ ክንዳቸው ከቀኙ የጠቆረ ነው። ከፊት የቆሙት አዛውንት ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈዋል።

«የዳገቴ ቤት ይኸ ነው?» አሉ።

«የማን?» አለ ጋሼ።

«የዳገቴ፣ የሾፌሯ።»

«ተሳስታችኋል መሰለኝ። ያረፈችው እህቴ የቤት እመቤት ናት።» ቃሉ ከለመደው አፉ ሳያስበው አመለጠው።

አዛውንቱ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «አላልኳችሁም? ዛሬም የሰው ቤት ገባን። ይቅርታ ያድርጉልን ጌታዬ። እግዜር ያጽናችሁ።»

ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ ነው የተነሣው። አንሶላውን በአንድ ጫፉ ይዞ ሳበው።

አዛውንቱ መሄድ ጀምረው ነበር፤ ወንበሩን ሲያዩ ቀጥ አሉ። «የሷ ነው! ይኼንንማ በጨለማም አልስተውም። ከጎኑ ተቀምጬ ስንት አገር አቋርጫለሁ!» ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ቀብሩ ላይ ነበርን እኮ። እኛ የምናውቃት መንገድ ላይ ባወጣንላት ስም፣ በዳገቴ ነው፤ የተነበበውን ስም አናውቀውም። በዚያ ላይ የቤት እመቤት ሲባል፣ የሌላ ሰው ቀብር ነው ብለን ወጣን። ማዶ ሌላ ቀብር ነበር፤ የጭነት መኪና ቆሞ ስናይ የሷ ነው ብለን እዚያ ሄደን አለቀስን። የማናውቀውን ሰው አባት ቀብረን ተመለስን፣ ጌታዬ!»

አንዲት ለቀስተኛ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። ሌሎቹም ተከተሉ። ልብስ ሰፊው ራሱ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅም ዕንባው መጣ። እሷ ይኼን ብትሰማ ሆዷን ይዛ እንደምትንከተከት ያውቃል።

«ባለቤቴ ሾፌር ነበረች» አለ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ኮርቼባት ነው የኖርኩት። አሁንም ኮርቼባታለሁ!»

ጋሼ አልሳቀም። እህቱን ጓደኞቿ ሳይቀብሯት የቀሩት በእሱ አንድ ቃል መሆኑ ገብቶታል።

ለአዛውንቱ አግዳሚ ወንበር ቢቀርብላቸው «ወገቤ አይችልም፤ ልቁም» አሉ። ልብስ ሰፊው ክንዳቸውን ይዞ ወደ ሚስቱ ወንበር ወሰዳቸው።

«በዳገቴ ቦታ? አይሆንም!»

«ግድ የለም፣ አባቴ። እሷ ብትኖር ቆመው አትተውዎትም ነበር።»

ተቀመጡ። ጀርባቸው ጥጡን ሲያገኝ ጭምድድ ያለው ፊታቸው ፈታ አለ። እግራቸው ግን ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ማሳረፊያውን ጎንበስ ብለው ማንሣት አልቻሉም።

ጋሼ ከዘራውን ግድግዳ አስደግፎ መጣ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንበረከከ። አቧራ የጠጣውን የአዛውንቱን ጫማ በአንድ እጁ ደግፎ፣ በሌላው ማሳረፊያውን አነሣና እግራቸውን አስቀመጠላቸው። ከዚያም ከተንበረከከበት አልተነሣም፤ እጁም ጫማቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

«እስቲ ይንገሩኝ» አላቸው፣ «እህቴ ዳገት ላይ እንዴት ነበረች?»