ከጀልባው ሥር አንድ ትከሻ

የዘጠና ስምንቱ ክረምት በሰኔ ከብዶ ገባ። ሐምሌን ሙሉ ዘነበ። ነሐሴንም ዘነበ። ፎገራ ላይ የሩዙ ማሳ ከሐይቁ ጋር አንድ ሆነ። ከዚያ ጉማራ ሞልቶ ወጣና ወደ ቤት መጣ። ከብት ወሰደ፤ ጎተራ ወሰደ፤ ጎጆ ከነምሰሶው ወሰደ። ሰው ዛፍ ላይ ወጣ። ጥሬ ቆረጠመ፤ ድፍርስ ውሃ ጠጣ። በሦስተኛው ቀን ከደብረ ታቦር አንድ የብረት ጀልባ በተጎታች ተጭኖ ወረደ። ያመጣው ደሞዜ ነበር።

ደሞዜ ከተቀበረ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

«ንፍሮ ያዝ እንጂ» አለ ዘውዱ፣ የእድሩ ዳኛ።

ይሻው በእፍኙ ተቀበለና አልበላም። ከድንኳኑ አፍ አጠገብ፣ ገለባ ላይ ተቀምጦ ወደ ጓሮ ያያል። ከጉና የወረደው ጉም ግቢውን ሞልቶታል። የተጎታቹ ጎማዎች አይታዩም፤ የሚታየው ጀልባው ብቻ ነው። ሆዱ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ቀልቷል። ጉሙ ሲንቀሳቀስ የሚሄደው ጀልባው ይመስላል። ይሻው ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ጀልባው እዚያው ነበር።

«ኖኅ ሄደ፤ መርከቡ ቀረ» አለ ዘውዱ። «ስንት ዓመት ሳቅንበት። እዚህ ተራራ ላይ ጀልባ ምን ይሠራልሃል ስንለው አብሮን ይስቅ ነበር። ‹ውሃው እስኪመጣ ነው› ይለን ነበር።»

«መጣ እኮ» አለ ይሻው።

«እኛ ዘንድ አልመጣም።»

«እኛ ዘንድ፣ ፎገራ፣ መጣ።»

ዘውዱ ከሐሙሲት ለልቅሶ ወደመጣ እንግዳ ዞሮ ይሻውን በአገጩ አመለከተ። «ይህን ሰው ታየዋለህ? በዚያ ጎርፍ ጀልባው ሲከብደው ሌላው ይዳን ብሎ ዘሎ ዛፍ ላይ የቀረው እሱ ነው። ሚስቱን አስቀምጦ። ደሞዜ ነው የነገረን።»

እንግዳው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጅ ነሳ። ይሻው ንፍሮውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

ያ ክረምት ካለፈ በኋላ ይሻው ከሚስቱ ከብርቱካን ጋር ወደ ደጋ፣ ወደ ደብረ ታቦር ወጥቶ ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት የደሞዜ ጎረቤት ሆኖ ኖረ። በአጥር በኩል ብዙ አየው።

ደሞዜ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። መሥሪያ ቤቱ አሮጌውን ጀልባ ከነተጎታቹ በጨረታ ሲያወጣ የገዛው እሱ ብቻ ነበር። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ካኪ ሱሪውን ለብሶ፣ ጆንያ አንጥፎ፣ በጀርባው ከጀልባው ሥር ይገባል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል። በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ላምባ በነካ ጨርቅ ይወለውላል። ከዚያ ቀዩን የዝገት መከላከያ ይቀባል፤ አንድ ቀን ፀሐይ ያስመታና ይደግመዋል። ሥራውን ለሠራተኛ ሰጥቶ አያውቅም።

«ሰው ቢቀባልኝ የቱ ጋ እንደሳሳ አላውቅም» ይል ነበር።

በሰኔ፣ ሚካኤል ሲቃረብ፣ ጀልባውን በመኪና ስቦ ወደ ሐይቁ ዳር ያወርደዋል። ክረምቱ ሲያልፍ መልሶ ያመጣዋል። ቢፈለግም ባይፈለግም።

አንድ ችግር ግን ነበረበት። ጀልባው ተጎታቹ ላይ የተቀመጠው በሁለት የባሕር ዛፍ ወራጆች ላይ ነው። ወራጆቹ የሚነኩት ቦታ ብሩሽ አይገባበትም። ስለዚህ በቀዩ ሆድ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ያልተቀቡ መስመሮች ይቀራሉ። ዝገትም የሚጀምረው ከዚያ ነው። እነሱን ለመቀባት ጀልባው መነሳት አለበት፤ ለመነሳት ደግሞ ሰው ይፈልጋል።

በየግንቦቱ ደሞዜ ቀለም በነካው እጁ አጥሩን ይመታል።

«ይሻው፣ ትከሻዬን አምጣ።»

«ለሚመጣው ዓመት።»

«አምና አንድ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኗል።»

«እርሻ ይዞኛል እኮ።»

«ከተማ ገብተህ የምን እርሻ ነው የሚይዝህ?»

ይስቃል። ከዚያ ብቻውን በክሪክ የጀልባውን አፍንጫ ቀና ያደርግና እጁ የደረሰበትን ያህል ይቀባል። መካከሉ ይቀራል። ይሻው ከአጥሩ ማዶ ሆኖ የክሪኩን ድምፅ ይሰማል። ቆሞ ይሰማል፤ አይሄድም።

ማታ ላይ የደሞዜ ልጅ እንዳልካቸው ከእናቱ ከታንጉት ጋር በረንዳው ላይ ተነጋገረ። ባሕር ዳር ሾፌር ነው። ይሻው ከድንኳኑ ይሰማቸዋል።

«ከታች ደውለዋል፤ ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሟል። ነገ ሰልስቱ ሲወጣ፣ ከነገ ወዲያ ስቤ ላውርደው» አለ ልጁ።

«አባትህ ሳይጨርሰው?» አለች ታንጉት።

«ቀብቶታል እኮ እማዬ።»

«ሁለቱ መስመር ቀርቶታል። ሁለተኛውን ቀለም ረቡዕ ቀብቶ ብሩሹን ላምባ ውስጥ ነክሮ ገባ። ‹ነገ ሰው ጠርቼ አስነሳዋለሁ› አለኝ። ይሻው ይመጣ ይሆን ብዬ ጠየቅሁት። ‹ዘንድሮ ይመጣል› አለኝ። አልነቃም።»

ይሻው ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ።

በቀብሩ ዕለት ሬሳውን ለመሸከም ሁለት ጊዜ ተጠግቶ ነበር። ጎልማሶቹ በአክብሮት ገፉት። «ለእኛ ይተዉልን፣ አያ ይሻው» አሉት። እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ባዶ ትከሻውን ይዞ ከኋላ ሄደ።

እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። በሕልሙ ጀልባው ከአጥሩ በላይ ተነስቶ፣ ጉሙን እየሰነጠቀ፣ በጋፋት ማሳዎች ላይ ቁልቁል ሄደ። የገብሱ ጫፍ ቀዩን ሆድ ይነካል። ደሞዜ ከኋላ ቆሟል። ይሻው ከታች ሆኖ ቀና ብሎ አየ፤ ሁለቱ መስመሮች ተከፍተው ሰማይ ይታይባቸዋል።

ሕልም ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ጎርፍ ያየው ነገር ነበር።

ያን ቀን ጀልባው ላይ ዘጠኝ ሆነው ተቀምጠዋል። ብርቱካን ከፊቱ ነበረች። ከመንደሩ ብዙም ሳይርቁ ከሥር፣ ወራጁ ይነካው ከነበረው መስመር ላይ፣ የጣት ውፍረት ያለው ውሃ ፊን አለ።

«ይሻው፣ እጅህን አድርግበት። አታንሳ» አለ ደሞዜ እየቀዘፈ።

ሁለት መዳፉን ጫነበት። ውሃው ከሥር ገፋው። ሕይወት ያለው ነገር ይመስል ነበር፤ እንደሚጠባ ጥጃ ይገፋል፣ ያርፋል፣ ይገፋል። ጀልባው በአንድ ዋርካ ቅርንጫፍ ሥር ሲያልፍ ይሻው መቆሙን አያስታውስም። የሚያስታውሰው ቅርንጫፉ ላይ ሆኖ ወደ ታች ማየቱን ነው። የብርቱካን እጆች የእሱ እጆች በነበሩበት ነበሩ። ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም። ገበያ የሚሄድን ሰው እንደምታይ አየችው። ጀልባው እያነሰ ሄደ።

ወደ ማምሻው ደሞዜ ብቻውን ተመልሶ መጣና አወረደው። ከደረቅ መሬት ሲደርሱ ሰዎቹ ይሻውን እየሳሙ አመሰገኑት። «ክብደት ለመቀነስ ነው የወረደው ብሎናል» አሉት። ይሻው ወደ ደሞዜ ዞረ። ደሞዜ ገመድ ይጠቀልል ነበር።

«አንድ ትከሻ አለብህ» አለው ቀስ ብሎ። «ይህን ጀልባ ያነሳሁት ቀን ትመጣለህ።»

የጠየቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። ይሻው ግን ያን የብረት ሆድ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ሰልስቱ ወጣ። ሰዉ ተመግቦ መሶቡ ከፍ አለ። ጉሙ አሁንም አልተነሳም። ዘውዱ የድንኳኑን ገመድ የሚፈቱ ጎልማሶችን መጥራት ሲጀምር ይሻው ተነሳ።

«ዘውዱ፣ ድንኳኑ ትንሽ ይቆይ። ጀልባውን አንሱልኝ።»

«ምን?»

«ጀልባውን። ነገ ይሄዳል። ከሥሩ አልተጨረሰም።»

ዘውዱ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። «ሰውዬ፣ ድንኳን ሳይነሳ በልቅሶ ግቢ መጥረቢያ እንኳ አይነሳም። ይህንን ለአንተ ልንገርህ?»

«አውቃለሁ። ድንኳኑ ሲነሳ ግን አንተም የለህም፤ እነዚህም የሉም።»

«ልጁ ሠራተኛ ይቅጠር።»

«ዕዳው የእኔ ነው።»

«የምን ዕዳ?»

«የትከሻ።»

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። ነገሩን በአጥር በኩል ሲሰሙት የኖሩ ናቸው።

«አሥራ አንድ ዓመት የት ነበር ታዲያ ትከሻህ?» አለ ዘውዱ። «እሱ በሕይወት ሳለ በጀርባው ሲንፏቀቅ ከአጥሩ ማዶ ቆመህ አልነበረም?»

ይሻው ወደ ሴቶቹ አየ። ብርቱካን በመካከላቸው ተቀምጣለች። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው።

«ፈርቼ ነው» አለ።

«ምኑን?»

«ጀልባውን። ደሞዜ የነገራችሁ ሐሰት ነው። ክብደት ልቀንስ ብዬ አልወረድሁም። ውሃው ሲገባ ይዘህ ቆይ አለኝ። ለቅቄ ዛፍ ላይ ወጣሁ። ሚስቴን ትቼ። ቀዳዳውን ይዛ የሄደች እሷ ናት። እሱ ሸፈነልኝ።»

ከሐሙሲት የመጣው እንግዳ መሬት መሬት አየ። ብርቱካን ቀና አላለችም። ዘውዱ በእጁ ያለውን ገመድ ሁለት ጊዜ ጠቀለለው፤ መልሶ ፈታው።

«ያም ሆነ ይህ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «የልቅሶ ቤት ሕግ አለ። ሥራ ነው።»

ታንጉት በረንዳው ላይ ቆማ ነበር።

«ከትናንት በስቲያ እሱን ከቤት ስታወጡት ሥራ ነው ያለ ነበር?» አለች።

ዘውዱ አያት። ጋቢውን አውልቆ በድንኳኑ ገመድ ላይ ጣለው።

አሥራ አራት ሰው ከጀልባው ግራና ቀኝ ቆመ። ሬሳውን የተሸከሙት ጎልማሶች እንደዚያው ፊትና ኋላ ሆኑ። አንዱ ይሻውን አይቶ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወውና ቦታ ለቀቀለት። ይሻው ተጎንብሶ በወራጆቹ መካከል ገባ። አሮጌው ቀዳዳ የተበየደበት ብረት ከወራጁ ጠርዝ ወጣ ብሎ ከራሱ በላይ ነበር። ትከሻውን ከእሱ ሥር አደረገ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው።

«በሉ» አለ ዘውዱ።

ጀልባው አንድ ስንዝር ተነሳ። እንዳልካቸው ከፊትና ከኋላ አጫጭር ግንዶች እያጋደመ በወራጆቹ ላይ ደገፈ። ቀስ ብለው አሳረፉት። ሁለቱ መስመሮች ታዩ፤ እንደ ደረቀ ቅጠል ቡናማ፣ ሻካራ።

ታንጉት ብሩሹን ከላምባው አውጥታ በጥቁር ቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ጆንያውን አነጠፈችና በጀርባዋ ገባች። ባሏ እንደሚያደርገው መጀመሪያ ፋቀች፤ ወለወለች። ከዚያ ቀባች። ብሩሹ ሲመላለስ ብቻ ይሰማል። ወንዶቹ አንድ በአንድ ትከሻቸውን አወጡ። እጃቸውን እያራገፉ ቆሙ።

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ተነስታ መጣች። ብርቱካን ናት። ጎንበስ ብላ ከሥር ገባችና መዳፏን ብየዳው አጠገብ፣ ገና ቀለም ባልነካው ብረት ላይ፣ ለአፍታ አሳረፈች።

«እዚህ ላይ ነበር» አለች ለታንጉት።

ታንጉት ብሩሹን ይዛ ጠበቀቻት። ብርቱካን እጇን ስታነሳ ቦታውን ቀባችው፤ ደገመችው።

«በቃ፣ ይሻው» አለ ዘውዱ ጎንበስ ብሎ። «ግንዱ ይዞታል። ውጣ።»

«ቢንሸራተትስ?»

«አይንሸራተትም።»

«እስኪደርቅ ልቆይ።»

ዘውዱ ሄዶ ጎልማሶቹን ድንኳኑን እንዲፈቱ አዘዘ። ሸራው እየሰፋ ወርዶ በጉሙ ውስጥ መሬት ላይ ተኛ። ታንጉት ብሩሹን በጣሳው አፍ ላይ አጋደመችና እዚያው ከሥር ተቀመጠች። ብርቱካንም አጠገቧ ተቀመጠች። ይሻው እንደጎነበሰ፣ ትከሻውን ከብረቱ ሳያላቅቅ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀ።