የተገለበጠው ጊታር

የሮክና የብሉዝ ጊታር ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር አይቀርም። አንዱ በሚወደው ጊታሪስት ፍጥነት ይምላል፣ ሌላው ባየው ኮንሰርት ይኮራል። እኔ ወንድሜን እላለሁ። ማስረጃሽን አምጪ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል፤ ማስረጃ ያሳጣኝን ሰውዬ አውቀዋለሁና።

ወንድሜ ግራኝ ነው። ቤታችን የነበረው ጊታር ግን የአባታችን፣ የቀኝ እጅ ጊታር ነበር። አባባ ክሩን የፈታ ወዮለት ስላለ፣ ወንድሜ ክሩን ሳይፈታ ጊታሩን ገልብጦ ያዘውና በዚያው ለመደ። ሌላው ሰው ወፍራሙን ክር ከላይ፣ ቀጭኑን ከታች አድርጎ ሲጫወት የሱ ተቃራኒው ነው። ቀጭኑን ክር ወደ ታች ሲስበው የሚወጣውን ድምፅ ሰዎች ያለቅሳል ይሉታል፤ ለኔ ግን ይሳደባል። እኔ ከጎኑ ቆሜ በራሴ ጊታር ሪትም ስመታለት ኖሬያለሁ። በየጭፈራ ቤቱ ዕድሜውን ፈጀ እንጂ የሚቀርጸው አላገኘም።

ዘንድሮ ጣቶቹ መደንዘዝ ጀመሩ። ሐኪሙም እየባሰው እንደሚሄድ አልደበቀውም። ልጁ ገና ድክ ድክ የምትል ናት። አባቷ ምን እንደነበረ የምታይበት አንድ ቀረጻ እንኳ ይኑራት ብለን ነው ያንን የኮንሰርት አዘጋጅ ደጅ የጠናነው። እሱም በትልቅ አዳራሽ፣ በጥሩ ካሜራ እቀርጸዋለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ ቃል ገባ። ቀረጻው እንዳይረበሽ ብሎም የተመልካቹን ስልክ በር ላይ አስለቀመ።

በዕለቱ ጊታሩን ላስወልውልለት ብሎ ወሰደው፤ መድረክ ላይ በጭብጨባ መሃል አስረከበው። ወንድሜ ሲጀምር የወጣው ድምፅ የሱ አልነበረም። እንደገና ሞከረ፤ ባሰበት። ጠጋ ብዬ ሳይ ክሮቹ በሙሉ ቦታ ተለዋውጠዋል። አዘጋጁ የግራኝ ጊታር እንዲህ ነው የሚታሰረው ብሎ፣ ማንንም ሳይጠይቅ አስተካክሎለት ኖሯል። ስጦታ መሆኑ ነው።

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አዘጋጁ ማይክ ይዞ ወጣና ጤናው አልፈቀደለትምና እናጨብጭብለት አለ። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። አዘጋጁን ገፍቼው አለፍኩና የራሴን ጊታር ከትከሻዬ አውልቄ ለወንድሜ ሰጠሁት።

"እንካ ጋሼ፣ ገልብጠው።"

ገልብጦ ተጫወተ። ምን ብዬ ልንገራችሁ? ያን ሁሉ ዘመን አብሬው ስሠራ እንዲያ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። እነዚያ የደነዘዙ ጣቶች ክሩን ሲስቡት ሲያጉረመርም የነበረው ሰው ከወንበሩ ተነሳ። ከበሮ መቺው እንኳ ሥራውን ረስቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ባዶ እጄን ቆሜ አለቀስኩ፤ ከደስታ ይልቅ የእልህ ለቅሶ ነበር።

እንደወረድን በቀጥታ ወደ ካሜራማኑ ሄድኩ። ያንን አልቀረጽኩም አለኝ። ወንድሜ ሲደነቃቀፍ አዘጋጁ ለክብሩ ሲባል ካሜራውን አጥፋው ብሎታል፤ መልሰህ ክፈተው ያለው ግን የለም። የተቀረጸው መደነቃቀፉ ብቻ ነው። አዘጋጁን ፈልጌ ኮሌታውን ያዝኩት።

"እኔ እኮ ለሱ ብዬ ነው" አለኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

"ለሱ ብለህ ከሆነ ምናለ እሱን ብትጠይቀው?"

ኮሌታውን ከእጄ ለማስለቀቅ ታገለ። ወንድሜ ነው ክንዴን ይዞ ጎትቶ ያወጣኝ። ከዚያ ወዲህ ጊታር አልያዘም፤ ጣቶቹ ማንኪያ መያዝም አቅቷቸዋል።

አሁን ቤቱ እየሄድኩ ጊታሬን ገልብጬ በግራ እጅ መጫወት እማራለሁ። እሱ በቃል ያርመኛል፣ ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ታየናለች። ጣቶቼ እምቢ ይሉኛል። ቀጭኑን ክር ያንን ሰውዬ እየረገምኩ ወደ ታች እስበዋለሁ።

"ንዴትሽን ቀነስ አድርጊው" ይለኛል።

አልቀንስም። ልጅቷ ያንን ድምፅ እስክትሰማ ድረስ አልቀንስም።