የመሐሪ ዲኤክስ

«እግርህን አንሳ! አንሳ ብዬሃለሁ!» አሉ መካኒኩ ጋሽ ይሕደጎ፣ ዳሽቦርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው።

አብነት እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፤ ግን ዘግይቷል። ከገርጂ እስከ ጎሮ አካባቢ ድረስ ሲፈነጥዝ የመጣው ሞተር ከውስጥ ብረት በብረት ሲመታ ተሰማ፤ ጭሱን ለቀቀና ቀጥ አለ። አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳታሰማ አልፋቸው ሄደች።

አሮጌዋ ዲኤክስ የአብነት አባት የመሐሪ ነበረች። መሐሪ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ልጁ ከተበታተነ የጃፓን መኪና ላይ የተፈታ ሱፐርቻርጀር፣ ያንን አየር በግድ ሞተር ውስጥ የሚጨምር ከባድ ብረት፣ አቅፎ ጋራዣቸው ሲመጣ ጋሽ ይሕደጎ ሳቁበት።

«በካርቡሬተር ሞተር ላይ? ምን ነካህ አንተ ልጅ?» አሉት። በማግስቱ ግን ሜትር ይዘው መለካት ጀመሩ።

የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው። እነዚህ ሞተሮች ዳገት ላይ ሲታፈኑ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰምተዋል፤ አንዱን እንኳ ጠግቦ ሲተነፍስ መስማት አማራቸው። የአብነት እናት ፀሐይነሽ የባሏን መኪና አላስነካም ብላ ነበር። እሺ ያሰኛት የጋሽ ይሕደጎ ስም ነው። «ይሕደጎ ራሱ ከሠራት ይሁን፤ ሌላ ሰው እጁን እንዳያስገባ» አለች።

መኪናዋን አስጎትተው ጋራዥ አደረሷትና ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ አነሱ። የሦስተኛው ፒስተን አናት ቀልጦ ተበስቷል።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ አብነት። «ቀስ በል እያሉኝ...»

ጋሽ ይሕደጎ ጎንበስ ብለው የተበሳውን ፒስተን አዩ። ፒስተን እንዲህ የሚቀልጠው ለገባው አየር የሚመጥን ቤንዚን ሲያጣ ነው። ሱፐርቻርጀሩ ከፍታው የነሳውን አየር ይመልሳል እንጂ ብዙ አይጨምርም፤ ስለዚህ የፋብሪካው ጂግለር፣ በቀዳዳዋ ቤንዚን የምትመጥነው ትንሽ ነሐስ፣ ይበቃል ብለው አስልተው ነበር። ካርቡሬተሩን ፈትተው ጂግለሯን አወጡ። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሯን አነበቡ። ትክክል ነው። ሱፐርቻርጀሩን ሲገጥሙም ያነበቡት ይህንኑ ነበር። አሁን ግን ቀዳዳዋን ወደ ብርሃን አዙረው አዩ።

ቀዳዳው ውስጥ ቤንዚኑን የምታሳንስ፣ ፀጉር የምታህል የመዳብ ሽቦ አለች።

በዚያ ሁሉ የነዳጅ ሰልፍ ጊዜ መሐሪ «ቤንዚን ቆጣቢ አድርግልኝ እስቲ» ብሏቸው በገዛ እጃቸው ያስገቧት ናት። ያኔ ያላስገቡበት መኪና አልነበረም። ሁሉም መካኒክ ያስገባ ነበር፤ እሳቸው ግን ጫፏን ሁለቴ ነው የሚያጥፉት። ይህችም ሁለቴ ታጥፋለች።

ሽቦዋን በጣታቸው ስበው አወጧትና ጨበጧት። ቢጥሏት ማንም አያገኛትም። ከእንግዲህ ካርቡሬተር የሚያሠራ ሰው ጥቂት ነው፤ ያም ጥቂት ሰው የሚመጣው ይሕደጎ አይሳሳትም ስለሚል ነው። ይህ ከተሰማ ጋራዡ አለቀለት። በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ኤሌክትሪክ መኪና ማን ያስተምራቸዋል?

የአብነት ስልክ ጮኸ።

«አቤት እማዬ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «አልቆላታል እማዬ... አይ፣ እሳቸው ምን ያድርጉ! እኔ ነኝ አጥብቄ የረገጥኳት። የአባዬን መኪና... አውቃለሁ። እሺ። ከፈለግሽ ቤትም አልመጣም።»

ፀሐይነሽ ከወዲያ ስታለቅስ ለጋሽ ይሕደጎ ይሰማቸዋል። አፈሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

«ስልኩን ስጠኝ» አሉ።

«ይተዉት ጋሼ፣ ተናዳለች።»

«ስጠኝ ልጄ።» ተቀበሉት። «ፀሐይነሽ፣ ይሕደጎ ነኝ። ልጁን አትቆጪው፤ መኪናዋን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።»