አትነሱ ባይዋ በኪዮቶ

አባቴ ጋሼ ለይኩን ሰው ሲገባ ሳይነሱ ቀርተው አያውቁም። በሰው አገር፣ ፒኮ መንገድ አጠገብ ካለችው አፓርታማችን ፖስታ አድራሽም ይምጣ የጎረቤት ልጅ፣ ከሶፋቸው ብድግ ብለው "ኖር!" ይላሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ባለፈው ዓመት በዚሁ መነሳት ሁለቴ ወደቁ፤ በሁለተኛው ጊዜ ዳሌያቸው ከመሰበር ለጥቂት ተረፈ።

"አባባ ፕሊስ፣ አይነሱ! እኔ እኮ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ!"

"ሰው ገብቶ ካልተነሳሁማ ሞቻለሁ። ያኔ ገንዙኝ።"

ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ ይኸው። እንቢ ሲሉኝ ጥናት ሠራሁባቸው። ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ሰፈር አርባ አረጋውያን ጠይቄ፣ ብዙዎቹ የሚወድቁት ለእንግዳ ሲነሱ መሆኑን ጻፍኩ። ኪዮቶ የሚደረግ ጉባኤ ተቀበለኝ። ፕሮፌሰሮች ካጨበጨቡልኝ አባባም ይሰሙኛል፣ ሦስተኛ አይወድቁም ብዬ በረርኩ።

ኪዮቶ ታምራለች አሉ። የጉባኤ መንገደኛ የሚያየው የሆቴሉን ቁርስና አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ ነው። ደግነቱ የእኔ ተራ የደረሰው በአንድ ጥንታዊ የእንጨት ቤት ውስጥ ነበር። ጫማችንን አውልቀን ምንጣፉ ላይ ተንበረከክን፤ እኔም እንደተንበረከክሁ ተናገርኩ። የመጨረሻው ስላይድ በትልቁ "አትነሱ!" ይላል።

ጭብጨባው ሳያልቅ ተንሸራታቹ በር ተከፈተና ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ገቡ። ጃፓኖቹ በተቀመጡበት ጎንበስ አሉ። እኔስ? እግሬ ሳያማክረኝ፣ "ኖር!" ብዬ ብድግ!

ለካ ሁለቱም እግሮቼ ደንዝዘዋል። በጉልበቴ ተደፋሁ፤ "አትነሱ!" የሚለው ብርሃን ጀርባዬ ላይ በራ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! ሰዉ ለይሉኝታ ሳቁን ትንሽ ታገለው፤ ከዚያ ተሸነፈ።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ቀስ። ጊዜ አለን" አሉኝ በእንግሊዝኛ፤ ሳይቸኩሉም አስነሱኝ።

አፈርኩ፤ በመውደቄ አይደለም። ግሌንዴል ክሊኒክ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው አባት በእጄ ደግፌ ሳስነሳ ኖሬ፣ ለገዛ አባቴ ያተረፍኩላቸው በር ላይ ቆሞ መጮህን ብቻ ነው።

ቤት ስደርስ አባባ የቁልፉን ድምፅ ሰምተው ሶፋው ጠርዝ ላይ ተመቻችተዋል። "አይነሱ" አፌ ላይ ደረሰች፤ ዋጥኳት። ሻንጣዬን ጥዬ እጆቼን ዘረጋሁ።

"ቀስ፣ አባባ። ጊዜ አለን።"

ግራ ገባቸው። ከዚያ ያዙኝና ተነሱ። ቀጥ ብለው ከቆሙ በኋላ፣ "ኖር!" አሉ።

"በእግዜር" አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

በፋሻ የታሰረው ጉልበቴ ላይ ዓይናቸው አረፈ። "ምን ሆንሽ?"

"ሽማግሌ ገቡብኝና ተነሳሁ።"

"እነዚያ ሁሉ ፕሮፌሰሮች እያዩ?"

"ሁሉም እያዩ።"

"ተባረኪ!" አሉኝ፤ እጄን ግን አልለቀቁም።