ለመሰላል የተሠራው አልጋ

የልጅ ልጄ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ለዘጠኝ ክለብ ቅርጫት ኳስ ተጫውቷል። አንዱም ከሁለት ዓመት በላይ አላቆየውም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ጎበዝ ነው ይላሉ፤ ግን ሁልጊዜ ከእሱ ትንሽ የሚሻል ሰው ይገኛል። ተጫዋች ሲጎዳባቸው ይጠሩታል፣ የተጎዳው ሲድን ያሰናብቱታል።

እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ወደ ዘጠኙም ከተማ አብሬው ሄጃለሁ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ። የሚያስኬደኝ አልጋ ነው። ክለቦቹ የሚከራዩለት ቤት አልጋው ሁሉ ለልከኛ ሰው የተሠራ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለት ሜትር ከአራት ሴንቲ ነው፣ ሰፈሩ «መሰላል» የሚለው። እግሩ ተርፎ ብርድ እንዳይመታው ግርጌው ላይ ሣጥን ወይም አግዳሚ ወንበር አስጠግቼ፣ ብርድ ልብስ አጥፌ እደለድልለታለሁ።

ዘጠነኛው ክለብ ሲያሰናብተው ሻንጣውን ይዞ እኔ ቤት ገባ። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ደረጃ የሚወርደው በጎኑ ነው፣ ግድግዳ እየዳሰሰ። ሐኪሙ «ጉልበቱ ውስጥ አጥንት ከአጥንት እየተፋተገ ነው፤ ከቀጠለ በዱላ ይሄዳል» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እዚሁ ያለው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ይፈልጋል። ርዕሰ መምህሯ ቤት ድረስ መጥታ «እስከ ሰኞ አሳውቀኝ» አለችው። «አስብበታለሁ» አላት። ሲያስብ ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር።

እኔ ምንም አላሰብኩም። አናጢው ጋ ሄጄ አልጋ አዘዝኩ።

«ርዝመቱ?»

«ሁለት ሜትር ከሠላሳ።»

እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ አየኝ። «እማማ፣ አልጋ ነው ወይስ ድልድይ?»

«አንተ እንጨትህን ላግ!»

«እሺ፣ እላጋለሁ። በበሩ ይገባል ግን?»

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። እንጨቱን ቤት አምጥቶ እዚያው ገጠመው።

ዓርብ ረፋድ ላይ መሰላል ከእግር ጉዞው ሲመለስ አልጋው ተነጥፎ ጠበቀው። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አልጋ ነዋ። አታየውም?»

«ጡረታ አወጣሽኝ እኮ!»

«ኧረ ወዲያ! እግርህን ዘርግተህ ተኛ ነው ያልኩህ።»

«ገና ሰኞ አልደረሰም። ወኪሌ ይደውላል።»

«ያ ደላላ?»

«ደላላ አይደለም፣ ወኪል ነው አልኩሽ።»

«ዘጠኝ ጊዜ ያሻሻጠህ ሰው ሌላ ምን ይባላል?»

አልሳቀም። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ። ከሰዓት በኋላ ግን ደክሞት ኖሮ ጋደም አለ። ቀስ ብዬ ገብቼ አየሁት። ከአሥራ አምስት ዓመቱ ወዲህ ሁለት እግሩን ዘርግቶ ሲተኛ አይቼው አላውቅም። ግርጌው ላይ አንድ ስንዝር ተርፏል።

ስልኩ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ ተሰክቶ ነበር። ጠራ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ፤ ወኪሉ ነው። እስኪያበቃ ዝም አልኩ። ደግሞ ጠራ። ድምፁ እንዳይሰማ ፎጣ ጣል አደረግኩበት። ቀጥሎ መልእክት ገባ፤ አነበብኩት። «የሦስት ወር ውል። ረጅሙ ተጫዋቻቸው ተጎድቷል። እስከ አሥር ሰዓት ካልመለስክ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር።

ተቀመጥኩ። ከእኔ የሚጠበቀው ግማሽ ሰዓት ዝም ማለት ብቻ ነው። ሰኞ መምህር ይሆናል፣ ጉልበቱ ይተርፋል፣ እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል። ይሄን ሳወጣ ሳወርድ ሩብ ሰዓት ሄደ። ዘጠኝ ጊዜ ሲያሰናብቱት፣ ሌሎች በር ዘግተው ከወሰኑ በኋላ ነው የነገሩት። አሥረኛዋ እኔ ልሆን ነው።

ስልኩን ይዤ ገባሁና ትከሻውን ነቀነቅኩት።

«ተነስ፣ ደላላህ ነው።»

«ስንቴ ደወለ?»

«ሁለቴ።» ከዚያ ደግሞ፣ «ፎጣ ጣል አድርጌበት ነበር» አልኩት።

መልእክቱን አነበበ። ሰዓቱን አየ። እኔን አላየኝም። ደወለና «እመጣለሁ» አለ፤ በቃ።

ቅዳሜ ሄደ። ልምጣ አላልኩትም፣ እሱም ነይ አላለኝም። ደረጃውን ሲወርድ ከላይ ቆሜ አየሁት። እያየሁት መሆኑን አውቆ ቀጥ ብሎ ነው የወረደው።

እሑድ ጧት ደወለ።

«እማማ፣ አልጋው አጭር ነው።»

«ሣጥን የለም?»

«የለም።»

«ወንበርስ?»

«አንድ አለ፣ መደገፊያው አስቸገረኝ እንጂ።»

«አዙረዋ! መደገፊያውን ወደ ውጭ። ብርድ ልብሱን ሁለት እጥፍ አርገው። ጉልበትህ ሥር ደግሞ ትራስ።»

ወንበሩን ሲጎትት ይሰማኛል። «ሆነ» አለኝ።

«ለርዕሰ መምህሯ ነገ ምን ልበላት?»

«ሦስት ወር ትጠብቀኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ሰኞ ጧት ተማሪዎቹ ሳይገቡ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበርኩ።