ክትባቱ መቼ ነው?

የጎረቤቴ የአቶ እንግዳው በሬ ሰኞ ሞተ። አባ ሰንጋ ነው አሉ። እኔ ያለችኝ አንዲት ዳልቻ ላም ናት፤ ጥጃዋ ገና ወር አልሞላውም። "ክትባቱ መቼ ነው?" ብዬ ብጠይቅ ሁሉም "ግሩፑ ላይ ተነግሯል" ይለኛል።

የቀበሌያችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ትምህርት ከሁለተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁ፤ ፊደል ለቅሜ እስካነብ ይመሻል። ስለዚህ ድምፁን ነው የምሰማ። ስልኩን በሻሼ ጆሮዬ ላይ አሰርሁና ሩዝ ማረም ገባሁ። መቶ አርባ ድምፅ ተጠራቅሟል።

"እንዴት ሰነበታችሁ? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል?" ይላል አንዱ። ሰላምታው ሳያልቅ አንድ መደብ አርሜ እጨርሳለሁ። መጨረሻው ላይ አህያ ጠፍቶበታል። ሌላዋ መዝሙር ለቀቀች። አንዱ ለአባ ሰንጋ ነጭ ሽንኩርት አጠጡ ይላል፣ አንዱ አረቄ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አትስሙ ይላል። ሰላምታውን ዝለይው ይሉኛል። የመምሬ ገብረማርያምን ሰላምታ እንዴት ብዬ ልዝለል? እሳቸው ሲናገሩማ ከውኃው ውስጥ ቀና ብዬ ቆሜ ነው የሰማሁ።

ረቡዕ ማታ "ሐሙስ ጠዋት ሚካኤል ሜዳ" የሚል አገኘሁ። በማግሥቱ ላሜን በጭቃ እየጎተትሁ ሄድሁ። ከሽማግሌው ከአባ ማረው በቀር ሰው የለም።

"ምን ልትሆኝ መጣሽ?"

"ላስከትብ።"

"እሱማ የአምናው ነው። አንዱ መልሶ ለቀቀው። የዘንድሮው ትናንት ከወንዙ ማዶ ነበር።"

አልተመለስሁም። ላሚቱን ነድቼ ወረታ ከተማ፣ ከከብት ሐኪም ቤት ገባሁ። ከታቢው ሀይለየሱስ የሚባል ከሌላ አገር የመጣ ልጅ ነው።

"እናቴ፣ ግሩፑ ላይ ልኬ ነበር እኮ! አልሰሙም?"

"መቶ ሁለቱን ሰምቻለሁ። ያንተ ከቀረው ውስጥ ነው።"

ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ጠቆረ። "አንዱ ብልቃጥ ለሃምሳ ከብት ነው፤ ከተከፈተ አያድርም። ትናንት ዘጠኝ ከብት መጣና የቀረውን ደፋሁት። ለአንዲት ላም አልከፍትም።"

"ብዙ ከብት ባመጣስ?"

"ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ከነገ ወዲያ ይፋግ ከተማ ነኝ።"

በሩ ላይ ቆሜ ስልኩን አፌ ላይ ደቀንሁ። "ሙናዬ ነኝ። ነገ ጠዋት ሚካኤል ሜዳ ክትባት አለ። ከብት አምጡ።" ለቀቅሁት። ወዲያው ሦስት መዝሙር ተጫነበት።

እንግዲህ ምን ይደረጋል? አገሬ ተመልሼ በየአጥሩ ሥር እየቆምሁ ተጣራሁ። ድምፄ እስኪዘጋ።

ዐርብ አርባ አንድ ከብት መጣ። "አንች፣ እንዴት ሰነበታችሁ እንኳ ሳትይ፣ ከብት አምጡ ብቻ?" አለኝ መንግሥቴ የሚባል ያገሬ ሰው በሬውን እየጎተተ። ድምፄ ስለተዘጋ በእጄ ወደ ሰልፉ መራሁት። ልጁ ብልቃጡን ከፈተ። ላሜ ሦስተኛ ተወጋች።

"ዳነች በለኛ?" አልሁት በሹክሹክታ።

"ክትባቱ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ በሽታው ሊይዛት ይችላል፤ እንግዲህ መጠበቅ ነው።"

ሁለት ሳምንት። ገመዷን እንደያዝሁ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ።